ሠልስት በፖርቶ ቫያርታ

ተሻገር በትዳር ዘመኑ ከሚስቱ ሊደብቅ የሞከረው ሲጋራውን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳምንት ሳይሞላው አሽትታ ደርሳበታለች። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሜክሲኮ ባሕር ዳር በምትገኘው በፖርቶ ቫያርታ ከተማ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሞ የአማቱን የእማማ የትምወርቅን ሞት በስልክ የሰማው። ከሐዘኑ ቀድሞ የያዘው ፍርሃት ነበር። ፀዳለን እስከ እሁድ እንዴት አድርጎ ያታልላታል?

የደወሉለት አቶ ወልዴ ነበሩ። አቶ ወልዴ በዳላስ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሠርግ ላይ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ለቅሶ ላይ ግን የሚቀድማቸው የለም።

"ትናንት ማታ ነው ያረፉት፣ እዚያው ደሴ" አሉት። "ጳውሎስ ደውሎልኝ ነው የሰማሁት። ዛሬ ተቀብረዋል። እሷ አጠገብህ አለች?"

ጳውሎስ የፀዳለ ታናሽ ወንድም ነው። ተሻገር ዞር ብሎ አየ። ፀዳለ በመስታወቱ ውስጥ ቁርስ ላይ ተቀምጣ ፓፓያ ትቆርጣለች።

"የለችም" አለ።

"በል ስማኝ። እዚያ እንዳትነግራት። ዘመድ በሌለበት፣ ሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ ማን ደግፎ ይይዛታል? እሁድ በሰላም አስገባልን፤ ሰኞ ንጋት ላይ እኛ መጥተን እንነግራታለን።"

"ቲኬቱን ቼንጅ አድርጌ ነገ ባመጣትስ?"

"ምን ብለህ? አውሮፕላን ላይ ብትጠረጥርህስ? ብትጮህስ? ወንበር ላይ አስረው ያምጧት? ሆድ ይፍጀው በል። ግን አንድ ነገር አደራ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጭፈራ ቦታ እንዳታገባት። ሐሙስ የእናቷ ሠልስት ነው። ኋላ ባሰበችው ቁጥር ዕድሜ ልኳን ይቆጠቁጣታል።"

ተሻገር እሺ አለ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይላል? እኛ መቼም ሞትን እንኳ በጉባኤ ነው የምንነግረው። መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። የሚይዝ እጅ፣ ውኃ የሚረጭ ሰው፣ አብሮ የሚያለቅስ ዘመድ ሳይሰበሰብ ሰውን እንደዚያ ባለ ነገር መምታት ግፍ ነው። ይህንን እነሱ በሚኖሩባት፣ በዳላስ ዳርቻ ባለችው ሜስኪት ውስጥ ያደገ ልጅ ላይገባው ይችላል፤ ተሻገር ግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

ችግሩ ሐሙስ ነበረ። የጉዞው ነገር ሁሉ የተሰናዳው ለሐሙስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዞው የልጃቸው የናኦሚ ስጦታ ነው። ናኦሚ ዳላስ መሀል ከተማ በሒሳብ ሥራ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ አገር ቤት ሚሊኒየሙን አክብሮ ሳይጨርስ እሷ ደግሞ የራሷን በዓል ይዛ መጣች። "ማሚ፣ ዳዲ፣ ለዋን ዊክ ብቻ ሌላ ሰው ይንዳችሁ" አለቻቸው። ተሻገር ኤርፖርት ላይ የሆቴል ቫን ይነዳል፤ ፀዳለ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናቶችን ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች። እንደነሱ ላለ ሰው ፕራይቬት ቱር ማለት፣ የራስ መኪና፣ የራስ አስጎብኚ፣ ለየቀኑ የተዘጋጀ ፕሮግራም ማለት፣ ከቴሌቪዥን የወጣ ነገር ነው። ፀዳለ መጀመሪያ "ይቅር፣ እናቴን ላይበት" ብላ ነበር። ለፋሲካ ደሴ እንደሚሄዱ ተነጋግረው ስለነበር ተረጋጋች። ከፕሮግራሙ ሁሉ ልቧን የወሰደው ደግሞ የሐሙሱ ነው፤ ማታ ማታ ባሕር ላይ የምትንሸራሸር፣ እራትና ሙዚቃ ያለባት ጀልባ። ፀዳለ ጭፈራ ትችላለች። በዳላስ ሠርግ ላይ ሙዚቀኞቹ እሷ እስክትነሳ ዘፈኑን ያራዝማሉ፤ ትከሻዋን ያየ ሁሉ ከማን ተማርሽው ሲላት መልሷ "ከእማዬ" ነው። ለዚያች ለሐሙስ ማታ ነጭ ቀሚስ ገዝታለች።

አስጎብኚው ኤራስሞ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቫኑን እንደ ልጁ የሚያብስ ሰው ነበር። ተሻገር የሰው መኪና ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊት ገብቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ኤራስሞ አይቶት ይስቃል። ከሜስኪት ነው የመጣነው ሲሉት ደግሞ መሪውን መታ።

"ሜስኪት! የሜስኪትን ግማሽ ጣሪያ የመታሁት እኔ ነኝ" አለ በእንግሊዝኛ። ዓመታት ዳላስ ኖሮ ነው የተመለሰው። "በረዶ ጥሎ ጣሪያ በሰበረ ቁጥር እናንተ ታለቅሳላችሁ፣ እኛ ሥራ መጣ ብለን እንስቃለን።"

በዚያ ማክሰኞ ወደ ወንዙ ዳር ገበያ ወሰዳቸው። መንገዱ ክብ ክብ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቤቶቹ ነጭ፣ በየበረንዳው ቀይ አበባ የተንጠለጠለበት ነው። ፀዳለ በየሱቁ እየገባች ዋጋ ትከራከራለች፤ ስፓኒሽ ባታውቅም ክርክር ቋንቋ አይፈልግም። አንድ ሱቅ ውስጥ ከጥጥ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ ያለበት ፎጣ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ተሻገር ዞረች።

"ለእማዬ ይሆናል? ወይስ ጥልፉ ለአሮጊት በዛ?"

እማማ የትምወርቅ፣ ተሻገር ገና በወጣትነቱ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ ቤታቸው በገባ ጊዜ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይሉ ጓዳ ደብቀው ያበሉት ሴት ናቸው። ለእሱም እናት ነበሩ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ደስ ይላቸዋል።"

"ሁለት ልያዝ እንግዲህ። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናታል።"

ሁለት ያዘች። ተሻገር ከሱቁ ወጥቶ ኤራስሞ አጠገብ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰው ካልተናገረ ደረቱ ይፈነዳ ነበርና ተናገረ። የሚስቱ እናት መሞታቸውን፣ ሚስቱ እንደማታውቅ፣ እስከ እሁድ ማወቅ እንደሌለባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሙስ ጭፈራ ላይ መገኘት እንደሌለባት ነገረው። እብድ ነህ ይለኛል ብሎ ጠበቀ።

ኤራስሞ ኮፍያውን አወለቀ።

"እኔ ዳላስ እያለሁ ነው እናቴ የሞተችው" አለ። "እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁና ሚስማር መምታቴን ቀጠልኩ። ሌላ ምን ላድርግ? እታች የቆሙት ሰዎች ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር።" ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "የናንተ ይሻላል። ምን ላድርግልህ?"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች እንደ ሌባ ተመሳጠሩ። ሙዚቃ ያለበት ምግብ ቤት ሲደርሱ ኤራስሞ "እዚህ ምግቡ አያምርም" ብሎ ያልፋል። መንገድ ላይ ጊታር የያዙ ሰዎች ወደ ፀዳለ ሲጠጉ በስፓኒሽ አንድ ነገር ይላቸውና ቆባቸውን ነክተው ይመለሳሉ። ፀዳለ መንገዱ ሁሉ ጸጥ ማለቱ ሳይገርማት አልቀረም። "ይሄ ከተማ ደስ ይላል፣ ግን ሰዉ ጭምት ነው" አለች።

ረቡዕ ጠዋት ትንሽ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ባሕሩ አወጣቸው። ወቅቱ ዓሣ ነባሪዎች ለመውለድ የሚመጡበት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጠባበቁ ከአጠገባቸው አንድ ጥቁር ጀርባ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ከጎኑም አንድ ትንሽ፤ እናትና ልጅ ነበሩ። አየሩን ሲተነፍሱ ውኃው እንደ ጉም ፊታቸው ላይ ወረደ። ፀዳለ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ተሻገር አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ ፊቱ በጨው ውኃ ርሶ ሳለ አለቀሰ፣ ማንም ሳያውቅበት ልቡ እስኪወጣለት አለቀሰ። በኋላ ፀዳለ ዓይኑ ለምን እንደቀላ ስትጠይቀው ጨዉ ነው አላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የተሻገር ውሸት ግን እያደር ይከብድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከተማው መሀል ያለችውን፣ ጉልላቷ ላይ ትልቅ ዘውድ የተደፋባትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ሄዱ። ፀዳለ ደጃፉ ላይ እንደደረሰች ጫማዋን አወለቀችና ከደረጃው ጎን ደርድራ አስቀመጠች። ተሻገርም ሳያስበው አወለቀ። ቱሪስቶቹ ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ሆኑ። ኤራስሞ አንድ ጊዜ እነሱን አንድ ጊዜ ጫማዎቹን አየና ዝም ብሎ ጠባቂ ሆኖ ቆመ።

"የማን ናት?" አለች ፀዳለ።

"የማርያም ናት አሉ።"

"እንግዲያውስ የኛው ናት።" ሻማ ለኮሰች፣ ተንበረከከች። ተሻገር ከጀርባዋ ነበር፤ ሹክ ብላ የምትለውን ሁሉ ይሰማል። "እመቤቴ፣ እማዬን አንድ ጊዜ አሳዪኝ። ለፋሲካ አድርሺኝና እጇን ልሳም። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን አድርጊ።"

ተሻገር በዚያች ሰዓት አቶ ወልዴንም፣ እድሩንም፣ ወጉንም ረገመ። ነግሬያት ልገላገል አለ። እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ሊነካ ደረሰ። ከዚያ ፀዳለ እዚያ ድንጋይ ወለል ላይ ስትወድቅ፣ ቱሪስቶቹ ካሜራቸውን ሲያነሱ ታየው፤ እጁን ሰበሰበ።

ማታ፣ ፀዳለ ገላዋን ስትታጠብ፣ ናኦሚ ደወለችለት። አቶ ወልዴ ነግረዋታል፤ አስምለዋታልም።

"ዳዲ፣ ይሄ ፌር አይደለም" አለች እያለቀሰች። "የሷ እናት ናት። ሺ ሃዝ ኤ ራይት ማወቅ። ማለቴ፣ እኔ ብሆን ካልነገራችሁኝ ይቅር አልላችሁም።"

"አንቺ ሌላ ነሽ፣ ልጄ።"

"ሶ አንተ ብትሞትም ለኔ እንደዚህ ነው የሚያደርጉኝ?"

"እሁድ ኤርፖርት ስትመጪ ፊትሽን ታጠቢ" ብቻ አላት።

ሐሙስም ደረሰ። ፀዳለ ከሰዓት ጀምሮ ፀጉሯን ስትሠራ ዋለች። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አድርጋ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ ተሻገር አልጋው ላይ ተጠቅልሎ አገኘችው።

"ምነው?"

"ሆዴን አመመኝ። በጣም አመመኝ። ለኤራስሞ ደውዬ ጀልባውን ካንስል አድርጌዋለሁ።"

ፀዳለ ለጊዜው የሰማችው እውነት አልመሰላትም። "ሳትነግረኝ?"

"መቆም አልቻልኩም።"

"ትናንት ያን ሁሉ አደንጓሬና ሩዝ ስትበላ ሆድህ የት ነበር?" ድምፅዋ አልጮኸም፤ ከጩኸት የባሰ ነበር። "ሳየው ነው የሰነበትኩት። ሙዚቃ ሲሰማ ፊትህ ይጠቁራል። ሰው ሲስቅልኝ ታኮርፋለህ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ሽንት ስጠርግ ኖሬ አንዲት ማታ ደስ ይበለኝ ብል፣ የኔ ደስታ ሲመጣ ነው አንተን የሚያምህ።"

ተሻገር ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። በአንድ ቃል አፏን ሊያዘጋት ይችል ነበር፤ ያ ቃል ግን ምላሱ ላይ ተቀምጦ አላንቀሳቅስ አለው። ትስደበኝ፣ አለ በልቡ። ዛሬ ትስደበኝ፣ ሰኞ ይገባታል። በእርግጥም ሕመሙ ከውሸት ወደ እውነት እየተለወጠ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር።

ፀዳለ ጥቂት ተቀምጣ ተነሳች። "አንተ ተኛ። እኔ ባሕር ዳር ሄጄ ነፋስ ልቀበል" አለችና በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

እሷ እንደወጣች ተሻገር ወርዶ ከሆቴሉ ስልክ ዳላስ ደወለ። አቶ ወልዴ ነገሩን ሲሰሙ መረቁት። "ባል ማለት እንዲህ ነው! ስድቡን ጠጥተህ ክብሯን ጠበቅህላት። ይህንን እድርተኛው ሁሉ መስማት አለበት።" ተሻገር ከስንት ቀን በኋላ ትንሽ ቀለለው። ክፍሉ ገብቶ ለእማማ የትምወርቅ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመላቸው፤ ሠልስታቸውን ብቻውን ዋለላቸው ማለት ነው። ፀዳለ ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ፊቷ ወዝቶ ነበር። ድንጋዩ እግሬን በላው አለች። ሌላ አልተነጋገሩም።

አርብና ቅዳሜ እንደ ጾም አለፉ። ኤራስሞ አትክልት ቦታ ወሰዳቸው፣ አንድ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደርም አሳያቸው፤ ፀዳለ ለእሱ ፈገግ ትላለች፣ ለተሻገር ግን ጀርባዋን ነው የምትሰጠው። ቅዳሜ ለእናቷ የምትደውልበት ቀን ነው። ከዳላስ ያመጣችው የስልክ ካርድ ከሜክሲኮ እንደማይሠራ ሲገባት ተናዳ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። "እሁድ ቤት ስገባ እደውልላታለሁ።" ተሻገር ካርዱን የሠራውን ኩባንያ በልቡ መረቀው።

እሁድ ዳላስ ሲያርፉ ናኦሚ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ፊቷን ታጥባለች፤ እናቷን አቅፋ መልቀቅ ግን አቃታት።

"ምነው ልጄ? የሳምንት መንገድ እኮ ነው።"

"ምንም ማሚ። ሚስ አድርጌሽ ነው።"

ሜስኪት እስኪደርሱ ናኦሚ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ቤት እንደገቡ ፀዳለ ሻንጣውን ሳትከፍት ስልኩን አነሳች። "እዚያ ሌሊት ነው" አላት ተሻገር። "አሮጊት አትቀስቅሺ። ነገ ጠዋት ትደውይላቸዋለሽ።" ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቡን ተቀበለችው።

ሰኞ ገና ሳይነጋ መኪኖች ከቤቱ ራቅ እያሉ ፓርክ አደረጉ። በር የመታ፣ ድምፅ ያሰማ ሰው አልነበረም። ከፊት አቶ ወልዴ፣ ከኋላቸው ጥቁር ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ የሌሊት ሺፍታቸውን ጨርሰው ከነዩኒፎርማቸው የመጡ ወንዶች። ተሻገር ከፈተላቸው። ፀዳለ የሰው ኮቴ ሰምታ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች፣ በሳሎኑ መብራት ሥር የቆሙትን አቶ ወልዴን አየች፤ እሳቸው በንጋት ሰው ቤት የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ መሆኑን በዳላስ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

"ማን ነው?" አለች። "ጳውሎስ ነው? ንገሩኝ፣ እማዬ ናት?"

"እናትሽ አርፈዋል፣ ልጄ። ጠንከር በይ።"

ወደቀች፤ የሚይዝ እጅ ግን ነበረ። ከግራም ከቀኝም ያዟት፣ ውኃ ረጩባት፣ ናኦሚ ከኋላ አቅፋት ከሁሉ ብሳ አለቀሰች። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ተሻገር ሲቆይ ሲቆይ የያዘውን እምባ ያን ጊዜ ነው በሰው ፊት የለቀቀው።

ፀዳለ ነፍሷ ስትመለስ "መቼ?" አለች።

"ባለፈው ሰኞ ማታ" አሏት አቶ ወልዴ።

"ሠልስቷ ሐሙስ ነበር ማለት ነው።"

ከዚያ ጸጥ አለች። ደክሟት ነው አሉ ሴቶቹ። አቶ ወልዴ ግን ጸጥታውን ሊያጽናኗት ተጠቀሙበት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን አነሱት። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳታውቂ ከመጥፎ ነገር ተጠብቀሻል። ያን ዕለት ጭፈራ ቦታ ልትሄጂ ነበር። ይሄ ባልሽ ሆዴን አመመኝ ብሎ፣ ስድብሽን ችሎ አስቀረሽ።" ሴቶቹ "እሰይ፣ ወንድ ይውጣልህ!" አሉ። ተሻገር አንገቱን ደፋ፤ የለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ደስ ብሎኛል ይል ነበር። ፀዳለ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አየችው። አስተያየቷን ምስጋና ነው ብሎ ተረጎመው።

አሜሪካ ለቅሶም በሺፍት ነው። ማታ ማታ መቀመጫ ይጠፋል፣ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ሥራ ገብቶ ቤቱ ይራቆታል። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ናኦሚ ለእንግዳ የሚሆን ውኃና ለስላሳ ልትገዛ ወጣች፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ፀዳለ ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል።

"ተሻገር፣ ሐሙስ ዕለት ነፋስ ልቀበል አልሄድኩም።"

ወደ እሷ ዞረ።

"ከቤተ ክርስቲያኗ ፊት ያለው አደባባይ ሄድኩ። ሙዚቃ ነበረ። ነጭ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌዎች ከሚስቶቻቸው ጋር ይጨፍራሉ። ከሚስቶቻቸው ጋር! እልህ ያዘኝ። እሱ ካልፈለገ ብቻዬን ብዬ ገባሁ። የነሱን ጭፈራ አላውቅም፣ የማውቀው የእማዬን ነው። እስክስታ ስመታ ሙዚቀኞቹ አይተው አፈጠኑት። ሰዉ ክብ ሠርቶ አጨበጨበልኝ። ጫማዬን አውልቄ ነው የጨፈርኩት።" እጆቿን አየች። "እማዬ ብታየኝ እያልኩ ነበር የምጨፍረው። በሠልስቷ።"

ተሻገር ጎኗ ቁጭ አለ። "አታውቂም ነበር" አላት። "ያላወቀ ሰው ምን ኃጢአት አለበት?"

"ጀልባው ላይ ካንተ ጋር ብሄድ እራት በልተን፣ ትንሽ ተወዛውዘን እንመለስ ነበር። ውሸትህ ነው እንደዚያ ያስጨፈረኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጨፍሬ አላውቅም።"

"ብነግርሽ ይሻል ነበር?"

"እንጃ። እዚያ ብትነግረኝ እሞት ነበር። አሁንም ሞቻለሁ። እኔ እንጃ ተሻገር፣ አልፈርድብህም። ብቻ እነሱ አንተን ባመሰገኑህ ቁጥር እኔ እሳት እበላለሁ። ለማንም እንዳትናገር።"

ተሻገር የተመረቀው ምርቃት ሁሉ አንድ በአንድ ታወሰው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

የመጡት እትዬ ብርቅነሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ከዳላስ ማዶ ካለችው ከአርሊንግተን፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ሰው ለምነው መኪና አሳፍሯቸው የመጡ። ፀዳለን አቅፈው አለቀሱ፣ የሟችን ስም እየጠሩ ደረታቸውን ደቁ። ሲበርድላቸው እምባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ተሻገር ዞሩ።

"አንተንማ ሰምቻለሁ፣ የኔ ጌታ። አርሊንግተን ድረስ ነው የሚወራው። ከጭፈራ አድነህ፣ በሠልስቱ አስከብረህ አመጣሃት አሉ።"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም" አለ ተሻገር። "የእውነት ሆዴን አሞኝ ነው።"

"አይ ትሕትና! ጨዋ ሰው ሥራውን አይናገርም። የዛሬ ልጆች እንዳንተ ያለ ባል ከየት ያገኛሉ?"

"እውነቴን ነው፣ እኔ አይደለሁም—"

የኮቱ ጫፍ ተሳበ። ጎንበስ አለ። ፀዳለ አፏን ጆሮው ሥር አድርጋ፣ በተዘጋ ድምፅዋ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው መጠን ተናገረች።

"ምርቃቱን ተቀበላቸው። አንተ ካልተሸከምክልኝ ብቻዬን አልችለውም።"

ተሻገር ቀና አለ። እትዬ ብርቅነሽ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሊመርቁት ይጠብቁታል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ" አለ። "አልጨፈረችም።"